የሚንቀራፈፉት ግዙፎች፦ «ሻዶው ኦፍ ዘ ኮሎሰስ»ን ሁለት ጊዜ መመዘን

ሦስተኛው ግዙፍ ላይ ነኝ። ትልቁን የድንጋይ ሰይፉን መሬት ላይ ሲያሳርፍ በሰይፉ ጀርባ ሮጬ ክንዱ ላይ ወጥቻለሁ። አሁን ትከሻው አካባቢ ያለውን ፀጉር ሙጭጭ ብዬ ይዣለሁ። የመጨበጫውን ቁልፍ የተጫነው ጣቴ ደንዝዟል። ጭራቁ ሊያራግፈኝ ተወዛወዘ። ስክሪኑ በሙሉ ፀጉር በፀጉር ሆነ። ይሄኔ ጌሙ መንቀራፈፍ ጀመረ። ምስሉ ይቆራረጣል። አንዱ እንቅስቃሴ ሦስት አራት ቦታ ተሰባብሮ ይመጣል።

አጠገቤ የተቀመጠው ታናሽ ወንድሜ ከስልኩ ቀና አለ።

«ሃንግ ሊያደርግብሽ ነው እንዴ?»

«አያደርግም። ጌሙ እንዲህ ነው። ማሽኑ ከብዶት ነው።»

ትንሽ ዝም ብሎ አየና «እኔ ደግሞ ጭራቁ ከባድ ስለሆነ መስሎኝ» አለ።

ስልኩን አስቀመጠው። ከዚያ ምሽት ጀምሮ አብሮኝ ማየት ጀመረ። እኔም ይቺ አባባሉ ከጭንቅላቴ አልወጣ ስላለች ነው ይህን ግምገማ የምጽፈው። የቴክኒክ ጉድለት የሆነው ነገር ለእሱ የጭራቁ ክብደት ሆኖ ታየው። ታዲያ እኔ ገምጋሚዋ ለዚህ ነጥብ ልቀንስ ወይስ ልጨምር?

ጌሙን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስተዋውቅ። «ሻዶው ኦፍ ዘ ኮሎሰስ» እ.ኤ.አ. በ2005 ለፕሌይስቴሽን 2 ወጣ። ሥራውን የመራው ጃፓናዊው ፉሚቶ ኡኤዳ ነው፤ ከዚያ በፊት በ2001 «ኢኮ» የተባለውን ጌም የሠራው ሰውዬ። ታሪኩ አጭር ነው። ዋንደር የሚባል ወጣት የሞተች ልጅ በፈረሱ ጭኖ ሰው ወደማይገባበት ምድር ይመጣል። ቤተ መቅደሱ ውስጥ ያለ ድምፅ 16 ግዙፎችን ከገደልክ ልጅቷ ልትመለስ ትችላለች ይለዋል። በቃ። ከተማ የለም። ሱቅ የለም። መንገድ ላይ የሚጎነትል ትንንሽ ጠላት እንኳ የለም። ያለህ አንድ ሰይፍ፣ አንድ ቀስትና አግሮ የምትባል ፈረስ ነው።

ዙሩም ሁልጊዜ ያው ነው። ከቤተ መቅደሱ ትወጣለህ። ሰይፍህን ፀሐይ ላይ ታነሳለህ፤ ብርሃኑ የሚሰበሰብበት አቅጣጫ ግዙፉ ያለበት ነው። ትጋልባለህ። ታገኘዋለህ። መውጫውን ትፈልጋለህ። ትወጣበታለህ። የሚያበራውን ምልክት ትወጋለህ። ይወድቃል። ከሬሳው ጥቁር ነገር ወጥቶ አንተን ይወጋሃል፣ ራስህን ትስታለህ፣ ቤተ መቅደሱ ውስጥ ትነቃለህ። ከዚያ እንደገና። 16 ጊዜ።

ገምጋሚ ቶሎ የሚናደደው በሁለት ነገር ነው፤ ጌም ሲንቀራፈፍና ጌም ሲደጋግም። ይሄኛው ሁለቱንም በደንብ ያደርጋል። ግን 20 ዓመት አልፎትም ሰው ስሙን ያነሳዋል።

ቀን ቀን የምሠራው ሶፍትዌር መፈተሽ ነው። ሌሎች የጻፉትን ፕሮግራም እስኪበላሽ ድረስ እነካካለሁ፣ ሲበላሽ እመዘግባለሁ። መዝገቡ ላይ ለእያንዳንዱ ስህተት ሁለት የተለያዩ ቦታዎች አሉ። አንዱ ላይ ጉዳቱ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይሞላል። ሌላው ላይ ለመጠገን ምን ያህል እንደሚያስቸኩል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የድርጅቱ ስም መግቢያው ገጽ ላይ አንድ ፊደል ቢሳሳት ጉዳቱ ኢምንት ነው፤ ግን ዛሬውኑ ይታረማል። ማንም የማይነካው ቁልፍ ፕሮግራሙን ቢዘጋው ጉዳቱ ከባድ ነው፤ ግን ሰንብቶም ይደረስበታል።

ይህን እያወቅኩ ማታ ማታ ጌም ስገመግም ለዓመታት የማደርገው ሌላ ነበር። ከ10 እነሳለሁ። ለካሜራው 1፣ ለፍሬሙ (ማሽኑ በሴኮንድ ለሚያሳየው የምስል ብዛት) ግማሽ፣ ለድግግሞሹ 1 እቀንሳለሁ። የተረፈውን ውጤት ብዬ እጽፋለሁ። ሥራ ቦታ እንዲህ ያለ ሪፖርት ይዤ ብቀርብ ይስቁብኝ ነበር።

ለዚህ ጥያቄ «ሻዶው ኦፍ ዘ ኮሎሰስ»ን የመረጥኩት ያለምክንያት አይደለም። ይሄው ጌም በ2018 ብሉፖይንት በተባለ ስቱዲዮ ለፕሌይስቴሽን 4 እንደ አዲስ ተሠርቷል። ግዙፎቹ እነዚያው 16 ናቸው። ሸለቆው፣ ሐይቁ፣ ድልድዩ ያው ነው። የሚገደሉበት ዘዴም ያው። በዋናነት የተለወጠው ምስሉና ፍጥነቱ ነው። ማለትም ስህተቱ ተነቅሎ ጌሙ ብቻ ሲቀር ምን እንደሚመስል ማየት ይቻላል። በሥራዬ እንኳ እንዲህ ያለ ዕድል ብዙ አይገጥመኝም። ስለዚህ ሁለቱንም ማሽን ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። አንዱን ግዙፍ በአሮጌው ከገደልኩ በኋላ ያንኑ በአዲሱ እደግመዋለሁ። ደብተር ያዝኩ። ገጹን መሃል ለመሃል በመስመር ከፈልኩት።

መጀመሪያ ፍሬሙን እንይ። የፕሌይስቴሽን 2ው ጌም የሚያልመው በሴኮንድ 30 ፍሬም ነው። ሲከብደው ከ20 በታች ይወርዳል። የሚከብደው ደግሞ ሁልጊዜ ነው ማለት ይቻላል። ማሽኑ ያለው ዋና ሜሞሪ 32 ሜጋባይት ነው። በዚያ ላይ የግዙፎቹን ፀጉር፣ ጥላቸውን፣ ሲንቀሳቀሱ የሚፈጠረውን የምስል ብዥታና ከጫፍ እስከ ጫፍ «ሎዲንግ» (ጌሙ እስኪጫን መጠበቅ) ሳይኖር የሚጋለብበትን ሜዳ ጭነውበታል። ከአቅሙ በላይ ነው የጠየቁት። በአዲሱ፣ ተራው ፕሌይስቴሽን 4 ላይ 30ው አይነቃነቅም። «ፕሮ» የተባለው ማሽን ላይ ደግሞ 60 መምረጥ ይቻላል።

ሦስተኛውን ግዙፍ በ60 ደገምኩት። ወንድሜም አለ። በሰይፉ ላይ ሮጥኩ፣ ክንዱን ወጣሁ፣ ትከሻው ላይ ደረስኩ። ምንም አልተቆራረጠም። ፀጉሩ አንድ በአንድ ይታያል። በጣም ያምራል።

«ቀለለ» አለ ወንድሜ።

«ክብደቱ ነው የቀለለው ወይስ ጨዋታው?»

«ሁለቱም።»

ደብተሬ ላይ በቀኝ በኩል የጻፍኩት ይቺኑ ቃል ነው። ልጁ ልክ ነው። በአሮጌው ያ ጭራቅ እጁን ሲያነሳ አየሩ ራሱ የሚጎትተው ይመስላል። በአዲሱ ያው እጅ ይነሳል፣ ያው ሰይፍ ይወርዳል፣ ግን የሆነ ነገር ጎድሏል። ጉድለት ጎደለ ልበል?

ቴክኒካዊ ችግር የጌሙ ጠባይ ሆኖ ሲቀር ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1978 የወጣውን «ስፔስ ኢንቬደርስ» የሚያውቅ ያውቀዋል። ጠላቶቹ እያነሱ ሲሄዱ ይፈጥናሉ። ልብ የሚሰቅለው እሱ ነው። መነሻው ግን የማሽኑ ድካም ነበር። ብዙ ጠላት ሲኖር ፕሮሰሰሩ ለመሳል ጊዜ ይፈጅበታል፤ ሲያንሱ ሥራው ይቀልለትና ይፈጥናል። ሠሪው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ አላስተካክለውም፣ ይሁን ብሎ ተወው።

ግን ከዚህ ተነስቼ መንቀራፈፍ ሁሉ ጥበብ ነው ብል ውሸታም ነኝ። 11ኛው ግዙፍ ስም ብቻ ግዙፍ ነው፤ ከሌሎቹ ጋር ሲተያይ ኮርማ የሚያህል ነው። ፈጣን ነው። በችቦ እያስፈራራህ ወደ ገደል ነው የምትገፋው። እዚያ ጋ የፍሬሙ መቆራረጥ ለማንም ክብደት ሆኖ አይታይም። ሽሽ ብለህ ቁልፍ ትጫናለህ፣ ሰውዬህ ዘግይቶ ይሰማሃል፣ ኮርማው ይመታሃል። ገና ሳትነሳ ይደግምሃል። ገና ሳትነሳ ይሠልስሃል። ወንድሜ በዚያ ምሽት የተናገረውን እዚህ አልጽፈውም።

ያው መንቀራፈፍ ነው እንግዲህ። አንዱ ቦታ ጌሙ የሚለውን አብሮ ይላል። ሌላው ቦታ ጌሙ ከሚጠይቅህ ነገር ጋር ይጣላል። ሦስተኛው ግዙፍ የሚጠይቅህ ሙጭጭ ብለህ እንድትይዝ ነው፤ ለመያዝ ፍጥነት አያስፈልግም። 11ኛው የሚጠይቅህ ፍጥነት ነው። ነጥብ ከቀነስኩ የምቀንሰው ለ11ኛው ነው።

ወደ አዲሱ ስሄድ ደግሞ ሌላ ነገር ገጠመኝ። 11ኛውን በ60 ፍሬም ገጠምኩት። ቁልፉ ወዲያው ይታዘዛል። ኮርማው ግን አሁንም መታኝ። ገና ሳልነሳ ደገመኝ። ለካ ችግሩ ከማሽኑ አልነበረም። ሰውዬው ከወደቀበት የሚነሳበት ጊዜ ኮርማው ዞሮ ከሚመጣበት ጊዜ ይረዝማል። ይህ የሠሪዎቹ ውሳኔ ነው። እኛ ገምጋሚዎች ግን ታላቅ የተባለ ሠሪን «እዚህ ጋ ተሳስተሃል» ማለት ስለሚከብደን ፍሬሙ ላይ እናላክካለን። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው።

ካሜራውም እንደዚያው ነው። ጭራቁ ጥሩ ሆኖ እንዲታይ እያለ ራሱን ያዞራል። እኔ መዝለል የምፈልገው ወደ ግራ፣ እሱ የሚያሳየኝ ቀኙን። ከአንድ ግዙፍ ጀርባ ላይ በካሜራ ምክንያት የወደቅኩበትን ቆጥሬ ደብተሩ ላይ ጽፌያለሁ፤ በአሮጌው 4 ጊዜ፣ በአዲሱ 3። ልዩነቱ ይሄን ያህል ነው።

ፈረሷን ግን እከራከርላታለሁ። ብዙ ሰው «አግሮ አትታዘዝም» ይላል። ወንድሜም በመጀመሪያው ቀን ጆይስቲኩ የተበላሸ መስሎት አገላብጦ አየው። አግሮ እንደ መኪና ስትነዳ ትበላሻለች። ቀጭን መንገድ ላይ ወይም ዛፍ መካከል ስትገባ መሪውን ተውላት፤ ራሷ አስተካክላ ትሄዳለች። ፈረስ ነቻ! ይህን ለመልመድ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጅቶብኛል። ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ግምገማ የሚጽፍ ሰው ግን ፈረሷን «ጉድለት» ብሎ ይመዘግባታል። ሥራ ቦታም አለ እንዲህ ያለ ሪፖርት። መልሳችን «ፕሮግራሙ እንዲህ እንዲሆን ነው የተሠራው» የሚል ነው፤ ሪፖርቱን የጻፈው ሰው ሁልጊዜ ይናደዳል።

እዚህ ላይ ስለ ሌላ ጌም ላውራ። ስሙን አልጠራም። ፍሬሙ እንከን የለውም። ካሜራው ያለህን ሐሳብ የሚያውቅ ይመስላል። 31 ሰዓት ተጫወትኩት። አንድ ቀን ማታ ሴቭ አድርጌ ዘጋሁ። በማግስቱ ስከፍተው ፋይሉ ተበላሽቷል አለኝ። 31 ሰዓት ገደል ገባ። ሌላ ሴቭ አልነበረኝም፤ ጌሙ አንድ ቦታ ብቻ ነበር የሚፈቅደው።

ያን ጌም በድሮው ሒሳቤ ብገመግመው አንድ ስህተት፣ አንድ ጊዜ፣ ግማሽ ነጥብ። «ሻዶው ኦፍ ዘ ኮሎሰስ» ደግሞ በየደቂቃው ስለሚቆራረጥ በመቶ የሚቆጠር ስህተት። ብዛት ብቻ ከተቆጠረ የኔን 31 ሰዓት የበላው ጌም ያሸንፋል። ስለዚህ አሁን የምጠይቀው ሌላ ነው። ስህተቱ ምን ወሰደብኝ? የወሰደው ይመለሳል ወይ? የተቆራረጠ ፍሬም የወሰደው ቅጽበት ነው። የወደቅኩበት ካሜራ የወሰደው ሁለት ደቂቃ ነው። የተበላሸ ሴቭ የወሰደው አይመለስም።

የሚያስቸግረው ነገር፣ ያን ጌም የተጫወቱ ሌሎች ሦስት ሰዎች ጠይቄ አንዳቸውም አልገጠማቸውም። ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ? «ሴቭ ያጠፋል» ብል አጋነንኩ። ዝም ብል የሚያነበኝን ሰው ከዳሁት። የጻፍኩት የሆነውን ነው። በዚህ ማሽን፣ በዚህ አፕዴት፣ ከ31 ሰዓት በኋላ፣ አንድ ጊዜ፣ ሌሎች ሦስት ሰዎች አልገጠማቸውም። አንባቢው ራሱ ይመዝነው። በተቃራኒውም ልክ ነው። ክራሽ (ጌሙ በድንገት ሲዘጋ) ያላየ ገምጋሚ «ጌሙ ባግ (የፕሮግራም ስህተት) የለውም» ማለት አይችልም። «አልገጠመኝም» ነው የሚባለው።

ማሽኑን መጥቀስ ደግሞ ጌጥ አይደለም። በዲሴምበር 2020 «ሳይበርፓንክ 2077» ሲወጣ ገምጋሚዎች ቀድመው የተሰጣቸው የኮምፒውተሩ ቅጂ ብቻ ነበር። በእሱ ላይ ተመሥርተው ጥሩ ጥሩ ነጥብ ሰጡ። በአሮጌዎቹ ኮንሶሎች (እንደ ፕሌይስቴሽን 4 ባሉ የጌም ማሽኖች) የገዛው ሰው ያገኘው ግን ሌላ ጌም ነው ማለት ይቻላል። በዚያው ወር ሶኒ ከራሱ መሸጫ አወረደው፤ የተመለሰው በጁን 2021 ነው። ገምጋሚዎቹ አልዋሹም። ግን የተጫወቱትና ሕዝቡ የገዛው አንድ አልነበረም።

ነጥቡ ራሱ ቀልድ አይደለም፤ የሰው እንጀራ ነው። በ2010 የወጣው «ፎልአውት፦ ኒው ቬጋስ» ሲወጣ በባግ የተሞላ ነበር፣ ገምጋሚዎችም ለዚያ ቀጡት። ሠሪው ስቱዲዮ ኦብሲዲያን ቦነስ የሚያገኘው የገምጋሚዎችን ነጥብ ሰብስቦ ከ100 አማካይ በሚያወጣው ድረ ገጽ፣ ሜታክሪቲክ ላይ፣ 85 ከደረሰ ነበር። 84 ሆነ። ከዚያ ወዲህ ብዙው ባግ በአፕዴት ተስተካክሏል፤ 84ቱ ግን ዛሬም 84 ነው። አንድ ገምጋሚ «ለክራሹ ግማሽ ቀነስኩ» ሲል ይቺን ግማሽ አስቦባት ይሆን እላለሁ አንዳንዴ። ባይቀጡት ይሻል ነበር እያልኩ አይደለም። የገዛው ሰው በዚያ ሳምንት የተበላሸውን ነው የተጫወተው።

አሁን ወደ ድግግሞሹ።

«ይደጋግማል» የሚለው ወቀሳ ብቻውን ምንም አይነግረኝም። «ቴትሪስ» ከ1984 ጀምሮ ያሉት 7 ቅርጾች ብቻ ናቸው። ማንም ሰው ስምንተኛ ቅርጽ አምጡ ብሎ አያውቅም። «አውተር ዋይልድስ» በየ22 ደቂቃው ወደ መጀመሪያው ይመልስሃል፤ መላው ጌሙ ያ ነው። በሌላ በኩል በ2007 የወጣው የመጀመሪያው «አሳሲንስ ክሪድ» አለ። ዘጠኝ ዋና ሰዎችን ትገድላለህ። ከእያንዳንዱ በፊት ወሬ ትሰማለህ፣ ኪስ ትገባለህ፣ አንዱን ደብድበህ ታናዝዛለህ። ከተሞቹ ዓይን ይሞላሉ። ግን አምስተኛው ኪስ ከመጀመሪያው ኪስ በምን ይለያል? ውሃ ወቀጣ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው እንዲህ ሆኗል፦ ዘጠነኛው ጋ ስደርስ አንደኛው ጋ የማላውቀው ምን አውቄያለሁ? በ«ቴትሪስ» እጄ ያውቃል። በ«አውተር ዋይልድስ» እኔ አውቃለሁ። በዚያኛው ጌም ከመጀመሪያው ኪስ ወዲያ ያወቅኩት ብዙ የለም።

«ሻዶው ኦፍ ዘ ኮሎሰስ»ን በዚህ ስመዝነው መልሱ ጥሩ ነው፤ ሙሉ ግን አይደለም። ዙሩ ያው ቢሆንም ጥያቄው ይለወጣል። ሁለተኛው ግዙፍ እግሩን ሲያነሳ ሰኮናውን በቀስት ትመታለህ፣ ይንበረከክልሃል። አምስተኛው ሐይቅ ላይ የሚበር ወፍ ነው፤ ቀስት ወርውረህ ታናድደዋለህ፣ ሊበላህ ሲመጣ ክንፉ ላይ ዘለህ ትይዛለህ። ከዚያ በኋላ ያለውን ከፍታ መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ ሆዴ ባዶ ሆነ። አንድ ዓይነት ሥራ፣ ሌላ ፍርሃት።

ትልቁ ለውጥ ግን ያለው ሰው ቶሎ የማያየው ቦታ ነው። ቤተ መቅደሱ ውስጥ ስትነቃ ጥቁር ጥላዎች ቆመው ቁልቁል ያዩሃል። መጀመሪያ አንድ ነው። የሚቀጥለው ጊዜ ሁለት። በገደልከው ልክ ይበዛሉ። ልጅቷ የተኛችበት መሠዊያ አካባቢ ደግሞ ነጭ ርግቦች ይጨምራሉ። የዋንደርም ፀጉር እየጠቆረ፣ ፊቱ እየገረጣ፣ ልብሱ እየቆሸሸ ይሄዳል። ማንም ምንም አይልህም። ካልደጋገምክ ይህን ልታይ አትችልም። ወንድሜ ሰባተኛው ላይ ነው ያወቀው። «ቆይ፣ ይሄ ልጅ መልኩ እንዲህ ነበር?» አለኝ። አልመለስኩለትም።

ግማሽ ልብ የሆንኩበትን ልናገር። 14ኛው ግዙፍ ያው 11ኛው ነው፣ ልብስ ቀይሮ የመጣ። እሱም ኮርማ ቢጤ ነው፣ እሱም ሳትነሳ ይደግምሃል። እዚያ ጋ ድግግሞሹ ምንም አዲስ ነገር አላሳየኝም፤ ነጥብ ቀንሼበታለሁ። እንሽላሊቶቹም አሉ። ጭራቸው ነጭ የሆነውን ቀስት ወርውረህ ብትበላ የመያዝ አቅምህ ይጨምራል። አንዱን ምሽት ሙሉ እንሽላሊት ሳሳድድ አመሸሁ። አሰልቺ ነው። ግን ጌሙ አላስገደደኝም፣ ራሴ ነኝ የፈለግኩት። በግዴታ የሚመጣ ድግግሞሽና በምርጫ የሚመጣ እኩል አይመዘኑም። እንሽላሊቶቹን ስለዚህ ምሬያቸዋለሁ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት። አዲሱ ቅጂ በ2018 ሲወጣ ገምግሜዋለሁ። የተሰጠኝ ጊዜ ሁለት ቀን ነበር። ቅዳሜ 8 ገደልኩ፣ እሑድ 8። ሰሞኑን ያን ጽሑፍ ፈልጌ አነበብኩት። መሃል ላይ «ከአሥረኛው ግዙፍ በኋላ ጌሙ ራሱን መድገም ይጀምራል» ብያለሁ። አፈርኩ። አሥረኛው እሑድ ጠዋት ነው። ዓይኔ ቀልቶ፣ ጣቴ ደንዝዞ፣ ማታ ጽሑፍ አስረክቢ ተብዬ። ያ ዓረፍተ ነገር ስለ እኔ እሑድ ነው የሚናገረው። ጌሙን ገዝቶ ማታ ማታ አንድ ሰዓት የሚጫወት ሰው አሥረኛው ጋ የሚደርሰው በሁለተኛው ሳምንት ነው፤ ለእሱ አሥረኛው እንግዳ ነው።

አሁን ግን በማታ አንድ ብቻ ነበር። 16 ማታ። አንዳንዱ ሃያ ደቂቃ፣ አንዳንዱ ከአንድ ሰዓት በላይ። ወንድሜ ከሥራ ሲመለስ ቦርሳውን ሳያስቀምጥ «የዛሬው ምንድነው?» ይለኛል። በሁለት ቀን ሲጨረስ ያ ረጅሙ ግልቢያ የሚያስመርር ነበር። በማታ አንድ ሲሆን የቀኑን ሁሉ የምረሳበት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ግምገማዬ ግርጌ ላይ ጌሙን በስንት ቀን እንደጨረስኩት እጽፋለሁ። ነጥቡን ከማንበቡ በፊት ይቺን የሚያነብ ሰው አንድ ነገር ያተርፋል።

ነጥብ ካላችሁኝ፣ ለአሮጌው 9፣ ለአዲሱም 9 እሰጣለሁ። አዲሱ እጅ ላይ ይሻላል፤ መጀመሪያ የሚጫወት ሰው እሱን ቢይዝ አይቆጭም። አሮጌው የሚያሰቃይ ቢሆንም ጭራቆቹ ይከብዳሉ። ሁለቱም ያጡት አንድ ነጥብ ለ11ኛው፣ ለ14ኛውና ለካሜራው ነው። የፍሬሙ የለበትም። ሜታክሪቲክ ላይ ስመለከትም የ2005ቱም የ2018ቱም አማካይ 91 ነው። በመካከላቸው 13 ዓመት አለና ብዙ አልመረኮዝበትም፤ ግን አይቼ ፈገግ አልኩ።

13ኛውን ወንድሜ ነው የተጫወተው። በአሮጌው ማሽን። በረሃ ላይ የሚበር እንደ እባብ የረዘመ ፍጥረት ነው። ሆዱ ሥር ያሉትን ሦስት የአየር ከረጢቶች በቀስት ስትበሳቸው ይወርድና ክንፎቹ አሸዋውን ይጠርጋሉ። አጠገቡ ጋልበህ ክንፉ ላይ መዝለል ነው። ወንድሜ ሦስቱንም በሳ። ደረሰበት። ክንፉ ከጎኑ ነው፤ አሸዋው ይበናል፣ ምስሉ ይቆራረጣል።

አልዘለለም። ዝም ብሎ አብሮት ይጋልባል።

«ምን ሆንክ?» አልኩት።

«ይሄ እኮ ምንም አላደረገኝም። አንድም ጊዜ አልመታኝም።»

እውነቱን ነው፤ 13ኛው አያጠቃም። ፍጥረቱ ትንሽ ቆይቶ ከፍ አለና ከእጁ ወጣ። ወንድሜ እንደገና ከረጢቶቹን መብሳት ጀመረ። ሁለተኛ ደረሰበት። አሁንም አልዘለለም። በሦስተኛው ቁልፉን ተጫነው።

ሲያበቃ፣ ፍጥረቱ አሸዋው ውስጥ ሲሰምጥ፣ ጆይስቲኩን ጉልበቱ ላይ አደረገው።

«ስንተኛው ነው?»

«አሥራ ሦስተኛ።»

«ገና ሦስት አለ ማለት ነው» አለና ተነስቶ መብራቱን አበራው።